እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ

ፊቴን ብታዩት አታውቁኝም፤ ድምፄን ግን ታውቁታላችሁ። ወደ ትልቁ መድን ድርጅት ስትደውሉ «እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ፤ ጥሪዎ በቅርቡ ምላሽ ያገኛል» የምትላችሁ ሴት እኔ ነኝ። በቅርቡ ምላሽ እንደማያገኝ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ስንቱ መኪናው ተገጭቶ፣ ደሙ ፈልቶ ሲደውል እኔን እንደሰደበኝ እግዜር ይወቀው። አልቀየማችሁም። እኔም ስደውል ራሴን እሰድባለሁ።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ልቀዳ ነበር። ማታ ደግሞ አንዲት አጭር መልስ ይጠበቅብኝ ነበር። መሐንዲሱ ከእናቱ ጋር እኛ ቤት እራት ይመጣል፤ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ላለኝ መልሴን እሰጠዋለሁ፤ መልሱም «እሺ» ነው። መሐንዲሱ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጨዋ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ አባቴ ይወደዋል። እሺ የምለው ግን ወድጄው አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ እምቢ ካሉ በኋላ ደግሞ «ለምን?» ይመጣል። እሺ ግን ማንም ለምን አይላትም።

ወደ ምድር ቤት የመራኝ የወንድሜ ስቱዲዮ ነው። ድርጅቱ አዲስ አገልግሎት ጀምሮ «ለጉዞ መድን ስድስትን ይጫኑ» የምትል መስመር አስፈለገችው። ወንድሜ ስቱዲዮውን በቅርቡ ሁሉን በአዲስ ዕቃ ቀይሮታል፤ ወንበሩ እንኳን ገና ላስቲኩ አልተላጠም። እዚያ ቀዳሁ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አዳመጠችና ፊቷን አጠቆረች።

«ከአንድ እስከ አምስት አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ስድስት ላይ ሌላ ሴትዮ ገባች።»

ወንድሜ ያልነካው ነገር አልነበረም። አንዴ መታጠቢያ ቤት ያለች ሴት አደረገኝ፣ አንዴ በርሜል ውስጥ የገባች ሴት፤ የድሮዋን እኔን ግን ሊያመጣት አልቻለም። ሥራ አስኪያጇ በመጨረሻ «የድሮውን የት ነበር የቀዳሽው?» ስትለኝ ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። ከዚያ ነገርኳት።

የቀዳሁት አባቴ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ እንኖራለን፤ አንድ ሙዚቃ አቀናባሪ ምድር ቤቱን ተከራይቶ ይሠራል። ለዚህ ነው እሱ «የላይኛዋ» የሚለኝ፤ እኔም «የታች ሰው» እለው ነበር። ሌላው ዓለም ሁሉ «ሰባት ቁጥር» ነው የሚለው፤ ምክንያቱም ሙዚቃ የሚያቀናብርበት ፕሮግራም ሰባተኛው ስሪት ነው። ሌላው ሰው ስምንትን፣ ዘጠኝን አልፎ አስራ ሁለት ላይ ደርሷል፤ እሱ ሰባት ላይ ቆሟል። ግራጫ ነው፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ውበት የሚባል አልፈጠረበትም። ኮምፒውተሩንም ከኢንተርኔት ጋር አስተዋውቆት አያውቅም። «ከተዋወቀ ያባልጉብኛል» ይላል፣ ሴት ልጅ እንዳሳደገ አባት።

አንድ ጊዜ ለምን እንደማይቀይረው ጠየቅኩት።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ይሄ ጠዋት ስመጣ ዕቃዬን አዛውሮ አይጠብቀኝም» አለኝ። «እጄ ሳላየው ይሄዳል። እጄ በራሱ ሲሄድ ጆሮዬ ነፃ ይሆናል፤ ያኔ አንቺን እሰማሻለሁ።»

ያን ቀን ይመስለኛል የወደድኩት። ሰው በአሮጌ ፕሮግራም ምክንያት ይወዳል ወይ? እኔ ወድጃለሁ። ከዚያ በኋላ ለምን እንዳልወረድኩ ደግሞ አሁን ልንገራችሁ።

አባቴ ነገራችንን የሰማ ጊዜ አልጮኸም። «ከምድር ቤት ወደ ላይ የሚወጣው ኪራይ ለመክፈል ነው» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። እኔ ወርጄ ለሱ ነገርኩት። «ወይ ወጥተህ አባቴን አናግረው፣ ወይ ለእኔ ንገረኝ። ምንህ ነኝ?» አልኩት። እሱ ቃል የሚሆንለት ሰው አይደለም፤ ጊዜ ስጪኝ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠ። አብረን የጀመርናት ዘፈን ናት፤ መልሴ መጨረሻዋ ላይ አለ አለኝ።

ወንድሜ ስቱዲዮ ወስጄ ከፈትኩት። ዘፈናችን ተደርድራ መጣች፤ የጊታሩ መስመር፣ የእኔ ድምፅ መስመር፣ ከታች ደግሞ «መልስ» ብሎ የሰየመው አዲስ መስመር። አጫወትኩት። ዝም። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ዝም። ያቺ የምትሄደው ቀጭን መስመር ከዳር እስከ ዳር ስትሻገር እያየሁ አንድ ትንፋሽ እንኳን አልሰማሁም። የእኔ ድምፅ የነበረበት ቦታም ባዶ ነበር፤ አጥፍቶኛል። ወንድሜ ገና ስቱዲዮውን መክፈቱ ነበር፣ ከዘፈን ይልቅ ስለ ወንበር ነበር የሚያውቀው። ትከሻውን ነቀነቀና «መልሱ ይሄው ነዋ» አለኝ። እኔም ተቀበልኩ። በስልክ «አዳመጥኩት። ገባኝ። አመሰግናለሁ።» ብዬ ላክሁለት። እሱም ምንም አልመለሰልኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አንድ ሕንጻ ውስጥ ኖርን። ሊፍቱ ከፊት ነው፣ የእሱ በር ከኋላ ነው። ሰው ላለመገናኘት ከቆረጠ አንድ ጣራ ስር ሆኖም ይችላል።

እነሆ ስወርድ ደረጃው ላይ ያለው አምፖል ዛሬም ይርገበገባል። በሩን አንኳኳሁ።

እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ነበር። ዞረ። መነጽር ጀምሯል፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ብድግ አለና ወንበሩን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

መጡ! በዱላ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኩት።

አልሳቀም። ወደ መቅጃው ክፍል በእጁ አሳየኝና በሩን ከፈተልኝ። ሁሉ ነገር እንደነበረ ነው። ግድግዳው ላይ የተቸነከረው ምንጣፍ፣ ድምፅ እንዳይረብሽ ጣራው ስር የተወጠረው ብርድ ልብስ፣ ክንዱ በፕላስተር የተጠቀለለው ወንበር፣ ፊደላቱ ተፍቀው ያለቁት የኮምፒውተር ቁልፎች። ከላይ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን የምታሳየው ጠባብ መስኮት፤ በእሷ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ማራገቢያውን አጠፋው፤ ቀረጻ ላይ ድምፁ ይገባል። ሙቀቱ ወዲያው ተሰማኝ።

የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ሲመችዎ ይጀምሩ» አለኝ።

«ለጉዞ መድን ስድስትን ይጫኑ።»

«እንደገና።»

«ለጉዞ መድን ስድስትን ይጫኑ።»

«እንደገና።»

ሦስተኛውን ስጨርስ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ደክሞሻል» አለኝ።

«አንቺ» ተመለሰች። እዚያው ያለችው ረጅም በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ድምፅሽ መጨረሻው ላይ ይወድቃል» አለኝ። «ያኔ አይወድቅም ነበር።»

«ያኔ ያኔ ነው።»

«ውሃ ጠጪ። ከዚያ ለድርጅት አትናገሪ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሪው።»

ያኔም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ። ለአንድ ሰው ንገሪው። ቀና ብዬ በመስታወቱ ሳይ ያለው ሰው አንድ ነው፤ ለሱ ነገርኩት። በሕይወቴ ማንም ሰው ስድስትን እንዲጫን እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ዓይኑን ሳያነሳ «ይሄ ነው» አለ።

ወጥቼ ከኋላው ቆምኩ። እጁ ቁልፎቹ ላይ ሳያይ ይሄዳል። የድሮዎቹን አምስቱን አመጣ፣ ስድስተኛውን ከጎናቸው አስቀመጠ፣ የክፍሉን ማሚቶ ጨመረበትና አጫወተው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ያቺው ሴት ናት። በአምስትና በስድስት መሃል አራት ዓመት እንዳለ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

«እንዴት አደረግከው?»

«ያው ክፍል፣ ያው ማይክ፣ ያው ፕሮግራም» አለ። «አዲሱ ላይ ይሄን ማሚቶ አውጥተው ጥለውታል፣ የተሻለ አገኘን ብለው። አልዋሽም፣ የተሻለ ነው። ግን ይሄኛው አይደለም።»

ሥራው አለቀ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ደህና ዋል ብዬ መውጣት ነበር የቀረኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። በአፌ ሳይሆን በድካሜ ነው የተናገርኩት ብል ይቀላል።

«ሁሉን እንደነበረ አድርገህ አስቀምጠሃል» አልኩት። «ምንጣፉን፣ ወንበሩን፣ ፕሮግራሙን። መልስ መስጠት ብቻ ነው ያቃተህ።»

ዞረና አየኝ።

«መልስማ ሰጥቼሻለሁ።»

«ሰጥተኸኛል፣ እድሜ ይስጥህ! እንደዚያ ያለ መልስ ለጠላቴም አይድረሰው።»

«ዘፋኝ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። «አይሆንም ብትይኝ እችለው ነበር። ግን 'ገባኝ፣ አመሰግናለሁ'? እንደ መሥሪያ ቤት? ያን ሁሉ ከሰማሽ በኋላ?»

«ምኑን ሰማሁት?»

«የተናገርኩትን ነዋ።»

«መቼ ተናገርክና? ባዶ ነበር እኮ!»

«ምኑ ባዶ ነበር?»

«ሁሉም! የእኔም፣ የጊታሩም፣ 'መልስ' ያልከውም። ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩት። አንድ ትንፋሽ የለበትም። የእኔን ድምፅ እንኳን ሳይቀር አጥፍተህ ነው የሰጠኸኝ!»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሆነ ነገር በልቡ እየፈተሸ ነበር። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ።

«ፎልደሩ» አለ።

«የምን ፎልደር?»

«ፎልደሩን አልሰጠሁሽም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እያቃተተ አስረዳኝ። ለካ ዘፈኑ የተሠራበት ፋይል ውስጥ ድምፅ የሚባል የለም። ፋይሉ የሚያውቀው ድምፆቹ የት እንደተቀመጡ ብቻ ነው፤ ድምፆቹ ለብቻቸው ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም በየቦታው ስላለ ሲከፍተው ሁሌም ይዘፍናል። ከዚህ ኮምፒውተር ሌላ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ድምፅ አድራሻ እንዳለው ይረሳል።

«ሌላ ማሽን ላይ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር» አለ። «ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጀማሪ አይስተውም። እኔ ግን ከዚህች ክፍል ምንም ነገር አውጥቼ አላውቅም። ያንቺ የመጀመሪያው ነበር። ቁልፉን ሰጥቼሽ ቤቱን እዚሁ ይዤው ቀረሁ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። የደከመ ሰው ሳቅ መጥፎ ነው፤ ሲጀምር እንጂ ሲያቆም አይታወቅም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

«ለምን አልመጣህም? መልእክቴን ስታነብ ለምን ወጥተህ በሩን አላንኳኳህም?»

«ሰምተሽ የናቅሽኝ መሰለኝ።»

«እኔም የናቅከኝ መስሎኝ ነበር!»

«አንቺ ለምን አልወረድሽም?»

እሱ ወደ ላይ መውጣት ፈራ፣ እኔ ወደ ታች መውረድ አፈርኩ። ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ጥቂት ትንፋሽ ነው የሚፈጅበት። እኛ ግን ወጣትነታችንን ፈጀንበት፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

እሱ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «አለ እኮ! እዚሁ አለ፣ ምንም አልሆነም። አሁን አሰማሻለሁ» እያለ እጁ ቁልፎቹ ላይ ሮጠ። ዘፈናችን ተደርድራ መጣች። «መልስ» የሚለው መስመር ዛሬ ባዶ አልነበረም፤ የድምፅ ሞገድ ሞልቶበታል።

«ተወው» አልኩት።

«ምን?»

«አታጫውተው። አልፈልግም።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ተነስቼ አጠገቡ መጣሁ።

«ያን የተናገረው ያኔ የነበርከው ነህ፤ የተነገረላትም ያኔ የነበረችው ናት» አልኩት። «እኔ እሷ አይደለሁም። ድምፄ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፤ አንተው ነህ ያልከኝ። ጠዋት ስነሳ እደክማለሁ፣ ማታ ደግሞ እሺ ልል ነው። መሐንዲሱን ሰምተሃል አይደል?»

«ዘበኛው ነግሮኛል።»

«እሺ የምለው ደክሞኝ ነው። አንተም እኔን የምትፈልገኝ ለምዶብህ ከሆነ ያው ነው። አንተ ያልተለወጠ ነገር ነው የምትወደው። እኔ ሰባት ቁጥር መሆን አልችልም።»

በመስኮቷ የሰው ጫማዎች ያልፋሉ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ለመድን ድርጅቱ እደውላለሁ» አለኝ።

«ለምን? መኪና የለህም እኮ።»

«የለኝም። ምንም መድን የለኝም። እደውልና 'እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ' ትይኛለሽ፤ እቆያለሁ። ሰው ሲያነሳ እዘጋለሁ።»



«እዚያች መስኮት ላይ ደግሞ እግርሽን አያለሁ» ብሎ ቀጠለ። «ጫማ እየቀያየርሽ አስቸግረሽኝ ነበር፤ በኋላ በአረማመድሽ ለየሁሽ። ቀደም ሲል ፈጠን ፈጠን ትዪ ነበር። አሁን እዚህ ጋ ስትደርሺ ቀስ ትያለሽ። የደከመሽ መች ጠፋኝ?»

እዚህ ጋ ስደርስ ቀስ እንደምል እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

እጁን ያዝኩና ከወንበሩ አስነሳሁት። የመቅጃውን ክፍል በር ከፈትኩ።

«ግባ» አልኩት።

«እኔ?»

«አንተ። ለአንድ ሰው ንገረው።»

ከመስታወቱ ወዲህ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ወዲያ ማዶ ሲቆም እንደ እንግዳ ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ የጆሮ ማዳመጫውን ገልብጦ አጠለቀው። እኔ በፕላስተር በተጠቀለለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ በራሳቸው ሄደው የመቅጃው ቁልፍ ላይ አረፉ። አልረሱትም፤ እዚያው ነበረ። ያኔ ብቻ ነው ለምን ሰባት ላይ እንደቆመ በደንብ የገባኝ። ለካ ተመልሶ ለሚመጣ ሰው ነው።

«ሲመችህ ጀምር» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሰማል? እሺ። ቃል አይሆንልኝም፤ ታውቂያለሽ። ያኔ ያን ለመቅዳት ሳምንት ሙሉ ነው የፈጀሁት። እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ መንተባተቤን እያወጣሁ። ያምር ነበር። አሁን የሚቆርጥልኝ የለም።»

የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«የፈራሁት አባትሽን ብቻ አይደለም። ወጥቼ እዚያ ሳሎናችሁ ስቀመጥ፣ አንቺ በእኔ ስታፍሪ ማየት ነው የፈራሁት። ለዚህ ነው ድምፄን የላክሁት። ድምፄ ወጣ፣ እኔ ታች ቀረሁ። ያውም ድምፁም አልወጣም።»

በዚህ እሱም ሊስቅ ሞከረ።

«ያልተለወጠ ነው የምትወደው አልሽኝ። የድሮዋን እኮ በስልክም አገኛታለሁ። ያቺኛዋ 'ይቆዩ' ትለኛለች እንጂ አንድ ቀን 'ደከመኝ' ብላኝ አታውቅም። መጨረሻው ላይ የሚወድቀውን ድምፅ ነው የምፈልገው። ደክሞሽ ስትመጪ በሩን የምከፍትልሽ ሰው መሆን ነው የምፈልገው። እወድሻለሁ። አልቅሰሽ እንደሆነ አይታየኝም፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ጨረስኩ።»

አልቅሻለሁ። መደበቅ አላስፈለገኝም፣ ጉልበትም አልነበረኝም። አራት ዓመት ሙሉ ያ ዝምታ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ በሥራ ቦታ፣ በእራት ሰዓት፣ መሐንዲሱ ስለ ሲሚንቶ ሲያወራኝ። አሁን ቆመ። ደስታ እንኳን አልነበረም መጀመሪያ የተሰማኝ፤ ከባድ ዕቃ አስቀምጬ ክንዴ ሲቀለኝ ነው።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው።

«የት ነሽ አንቺ ልጅ? እንግዶቹ ሊደርሱ ነው እኮ!»

«አባዬ፣ እሺ አልልም» አልኩት። «ለመሐንዲሱ አሁን ራሴ እደውልለታለሁ፤ ከሌላ ሰው መስማት አይገባውም። ከዚያ ወደ ላይ እመጣለሁ። ሰው ይዤ ነው የምመጣው።»

«የምን ሰው? ማንን?»

«እባክህ በመስመር ላይ ቆየኝ» አልኩት። ልማድ ክፉ ነው። አባቴ ግን የምሩን ቆየ፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «የምድር ቤቱን ሰው» አልኩት። «ኪራይ ሊከፍል አይደለም የሚመጣው።»

ስልኩን አልዘጋውም፤ ይሄ ለአባቴ ብዙ ነው።

ወደ ደረጃው ወጥቼ ለመሐንዲሱ ደወልኩ። አጭር ነበር፣ ቀላል ግን አልነበረም። «ጠርጥሬ ነበር» አለኝ በመጨረሻ፤ እናቱን ከደጃፋችን ሳይደርሱ እንደሚመልስ ነገረኝ። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ። አዘንኩለት፣ ለራሴም አፈርኩ።

ስመለስ እሱ ሸሚዙን እያስተካከለ ነበር። የጠርሙሱን ውሃ ጠጥቶ ጨርሶታል። መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ አወጣ።

«በዚህ አድርጌው ልያዘው» አለኝ። «አባትሽ ፊት ቃል ከጠፋኝ አጫውትለታለሁ። ዛሬ ፎልደሩን አልረሳም፣ ሙች!»

«ምኑን ነው የምትይዘው?»

«ቅድም ያልኩትን ነዋ።»

«አልቀዳሁትም።»

ፍላሹን ይዞ ቀረ።

«እንዴ! ቁልፉን እኮ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ጣቴም ላዩ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም።»

«ያን ሁሉ ተናግሬ! ከየት አባቴ ላመጣው ነው አሁን?»

«ካመጣህበት» አልኩት። «ወጥተህ አባቴ ፊት ትደግመዋለህ። ፍላሽ የለም፣ ፎልደር የለም። አንተ ራስህ ነህ የምትወጣው።»

ስክሪኑ ላይ ያቺ የድሮ ዘፈናችን እንደተከፈተች ናት። አልዘጋናትም፤ ስናረጅ እንሰማታለን፣ እዚያው ትጠብቀናለች። እሱ ፍላሹን መሳቢያው ውስጥ መለሰ። በሩ ላይ ደርሶ ደረጃውን ሽቅብ አየው።

«ደክሞኛል እኮ፣ የላይኛዋ» አለኝ።

«እኔም ደክሞኛል» አልኩት፤ ድምፄ መጨረሻው ላይ ወደቀ፣ አላነሳሁትም። «ቀስ ብለን እንወጣለን።»

ክንዱን ሰጠኝ። ሊፍቱን ትተን በደረጃው ወጣን።